መታገሥ ዝም ማለት ነውን? የ1ኛ ጴጥሮስ ምዕራፍ 2 ምክርና አጠቃቀሙ

በአብያተ ክርስቲያናት የምክር አገልግሎት ውስጥ ከአንደኛ ጴጥሮስ መልእክት ምዕራፍ 2፣ ከቍጥር 13 እስከ 25 ያለውን ክፍል ያህል ለተበደለ ሰው የሚጠቀስ ንባብ ጥቂት ነው። ባሏ የሚደበድባት ሚስት፣ ደመወዙ የተያዘበት ሠራተኛ፣ በአለቃው የሚዋረድ አገልጋይ ብሶታቸውን ይዘው ሲመጡ «ክርስቶስም ተቀብሏል፤ ታገሡ» ተብለው ይሸኛሉ። ምክሩ ከቅዱስ መጽሐፍ የተቀዳ በመሆኑ ሊሞግተው የሚደፍር አይገኝም። ሆኖም ክፍሉ ራሱ በጥንቃቄ ሲነበብ የሚያዘው ትዕግሥትን እንጂ ዝምታን አለመሆኑ ይታያል።

በመጀመሪያ፣ ሐዋርያው ግፍን በስሙ ይጠራል። በቍጥር 18 የተጠቀሱት ጌቶች ሁሉም ቸሮች አይደሉም፤ ጠማሞችም አሉባቸው። በቍጥር 19 የሚነሣው መከራም ያለ አግባብ የሚደርስ መከራ ነው። ገዢዎችም ቢሆኑ በቍጥር 14 ተግባር ተሰጥቷቸዋል፤ እርሱም ክፉ አድራጊን መቅጣትና በጎ አድራጊን ማመስገን ነው። ተግባር የተሰጠው ሥልጣን ደግሞ በተግባሩ ይመዘናል። ከሁሉ በላይ ቍጥር 17 በቃላት አመራረጡ ልብ ይባላል። «ማክበር» ለሰው ሁሉም ለንጉሡም በአንድነት ሲሰጥ፣ «መፍራት» ግን ለእግዚአብሔር ብቻ ተለይቷል። ንጉሡ ክብሩን ከማንኛውም ሰው ጋር ይጋራል፤ ከአምላክ ጋር ግን አይጋራም።

ሁለተኛ፣ ክፍሉ በአርአያነት ያቀረበው ክርስቶስ በመከራው ሰዓት ያልተናገረ ሰው አልነበረም። ስድብን በስድብ አልመለሰም፤ ነገር ግን በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 18 እንደ ተጻፈው፣ የሊቀ ካህናቱ ሎሌ በጥፊ ሲመታው ስለ ምን እንደ መታው ጠይቆታል። ቍጥር 23ም ነገሩን በጽድቅ ለሚፈርደው አሳልፎ እንደ ሰጠ ይናገራል። ይህ ክስን መተው ሳይሆን ክሱን ወደ ላይኛው ችሎት ማድረስ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስም እንዲሁ አድርጓል። በፊልጵስዩስ ያለ ፍርድ ተገርፎ ከታሰረ በኋላ ገዢዎቹ ራሳቸው መጥተው እንዲያስወጡት ጠይቋል፤ በኋላም በቂሣርያ ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል። እስራቱን ታግሦ ተቀበለ፤ መብቱን ግን አልካደም።

ይህ ንባብ ከኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ታሪክም ምስክር አያጣም። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ እስጢፋኖስና ደቀ መዛሙርታቸው ስግደት ለአብ ለወልድ ለመንፈስ ቅዱስ ብቻ ይገባል በማለት ለንጉሡ አንሰግድም አሉ። ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ራሳቸው የነገረ መለኮት ጸሓፊ ነበሩ፤ ስለዚህ አሳዳጁና ተሳዳጁ በአንድ መጽሐፍ የሚያምኑ ነበሩ። መነኮሳቱ ሰይፍ አላነሡም፤ ግርፋቱን፣ እስራቱንና ሞቱን ተቀበሉ። የተወሰኑት በድንጋይ ከተወገሩ በኋላ በሰማይ የታየውን ብርሃን ንጉሡ የአምላክ ይሁንታ አድርገው እንደ ወሰዱት፣ የደብረ ብርሃን ስምም ከዚሁ ጋር እንደሚያያዝ ይተረካል። ሥልጣን በገዛ በደሉ ላይ የሰማይ ማኅተም ማየት ሲጀምር የሚደርሰው አደጋ ከዚህ በላይ ግልጽ ምሳሌ አይሻም። መነኮሳቱ ግን የተፈጸመባቸውን በገድላቸው ጽፈው አቆዩ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ይህን ገድል ወደ አማርኛ ሲመልሱ የሰጡት ርእስ «በሕግ አምላክ» የሚል ነው። በሀገሩ ባህል ይህ ቃል ብርቱውንም በመንገዱ የሚያስቆም የደካማ ሰው አቤቱታ ነው። የደቂቀ እስጢፋኖስ ትዕግሥት እንግዲህ አቤቱታ ያልተለየው ትዕግሥት ነበር።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሣው ጠንካራ ተቃውሞ በቍጥር 21 ላይ የተመሠረተ ነው። በዚያ መከራን መቀበል ጥሪ ተብሏል፤ ጥሪ ከሆነ ደግሞ መሸሽም መክሰስም ጥሪውን መተው ይመስላል። ተቃውሞው ሊናቅ አይገባውም፤ መልእክቱ ባርነትን በግልጽ እንደማያወግዝም መታመን አለበት። ነገር ግን መልእክቱ የተላከላቸው የቤት አገልጋዮች የሚከሱበት ችሎት፣ የሚሄዱበት ሌላ ደጅ አልነበራቸውም። ምክሩ መውጫ ለሌለው ሰው ክብሩን ጠብቆ የሚቆምበትን ስፍራ ይሰጠዋል እንጂ መውጫ ያለውን ሰው በር አይዘጋበትም። በ1ኛ ቆሮንቶስ 7፥21 ባሪያ ነጻ መውጣት ከቻለ እንዲወጣ መመከሩም ይህንኑ ያጸናል። ደግሞም ጥሪው የተነገረው ለተገፋው ነው። ገፊው ጥሪውን አንሥቶ ሲጠቅሰው የሌላውን ሰው መስቀል ለራሱ ጥቅም እያዋለ ነው።

ልዩነቱ የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም። በቤት ሠራተኝነት ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሄደች ኢትዮጵያዊት የመኖሪያ ፈቃዷ በአሠሪዋ እጅ በሆነበት ሥርዓት ውስጥ ስትበደል፣ በስልክ ለንስሐ አባቷ ወይም ለመጋቢዋ የምትነግረው ነገር ሕይወቷን ሊወስን ይችላል። «ታገሺ» ከማለቱ በፊት መካሪው ሦስት ነገሮችን ሊጠይቅ ይገባል፦ መውጫ መንገድ አላትን? በደሉ በስሙ ተጠርቷልን? ዝም በማለቷ የሚጠቀመው ማን ነው? የነገረ መለኮት ኮሌጆችም ቍጥር 18ን ከቍጥር 23 ነጥለው የማያስተምሩ፣ የምክር አገልግሎት ትምህርታቸውንም ከሕግ ዕውቀት ጋር የሚያገናኙ ቢሆኑ ለአገልግሎቱ ይበጃል።

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው የአበው ብሂል የዘመኑን ልማድ ይገልጽ ይሆናል፤ የሐዋርያው ትምህርት ግን አይደለም። ነገሩን በጽድቅ ለሚፈርደው የሰጠ ሰው ጕዳዩ ገና በችሎት ላይ መሆኑን ያውቃል፤ ስለዚህ ይታገሣል፤ ስለዚህም ይናገራል።