ወረቀት ላይ ማማር አይበቃም

በመሥሪያ ቤቶቻችን አንድ ሰነድ ጥሩ ነው የሚባለው ታትሞ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ነው። ርዕሱ መሃል ላይ ከዋለ፣ ጽሑፉ ከደመቀ፣ መስመሩ ካላዘመመ ኃላፊው ይፈርማል፤ ማኅተም ይመታበታል፤ ጉዳዩ አለቀ። ፋይሉ ውስጥ ምን እንዳለ የሚጠይቅ የለም። ከወራት በኋላ ያው ፋይል ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ግን አማርኛው የላቲን ዝባዝንኬ ሆኖ፣ ሠንጠረዡ ተሰነጣጥቆ፣ የገጽ ቁጥሩ ተፋልሶ ይገኛል። ያን ጊዜ «ቫይረስ ገብቶበት ነው» ይባላል፤ ወይም ጸሐፊዋ ትወቀሳለች። ቫይረሱም ጸሐፊዋም የሉበትም። ጥፋቱ ያለው ሰነድን ከመልኩ በቀር ሌላ ነገር እንደሌለው አድርጎ በሚያየው ልማዳችን ላይ ነው። ይህ ልማድ የሰው ጉልበት ያባክናል፤ መረጃ ያዛባል፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ የጻፍነውን ይቀብራል።

ትልቁ ጉዳት ያለው ፊደሉ ላይ ነው። ኮምፒውተር እያንዳንዱን ፊደል የሚያስቀምጠው በቁጥር ነው። የቀድሞዎቹ የአማርኛ መጻፊያዎች፣ በየቢሮው የተለመዱት የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ የድሮ ቅጂዎች ጭምር፣ የላቲኑን ቦታ ተውሰው የሚሠሩ ነበሩ። ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው የላቲን ፊደልና ምልክት ነው፤ ፎንቱ ከላይ የግዕዝ መልክ ያለብሰዋል። በዚያ አሠራር አንድ ፎንት የሚይዘው ቢበዛ 256 ቦታ በመሆኑና የእኛ ፊደል ከነዝርያው ከዚያ ስለሚበልጥ፣ አንዱን ጽሑፍ በሁለትና በሦስት ፎንት ከፋፍሎ እስከመጻፍ ተደርሷል። በጊዜው ይህ ትልቅ ብልሃት ነበር። አማርኛን ኮምፒውተር ላይ ያዋሉትን ባለሙያዎች የምናመሰግናቸው እንጂ የምንወቅሳቸው አይደሉም። ነገር ግን በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው ዩኒኮድ 3.0፣ የዓለም ቋንቋዎች ፊደል በቁጥር የሚመዘገብበት የጋራ ሥርዓት፣ ለግዕዝ ፊደል የራሱን ቁጥር ሰጠው። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ኒያላ የተባለው ፎንት ከዊንዶውስ ጋር መጣ፤ አቢሲኒካና ኖቶ በነፃ ይገኛሉ፤ ፓወር ግዕዝም የዩኒኮድ ፎንቶች አሉት። ሩብ ምዕተ ዓመት አለፈ። የድሮው አሠራር ዛሬም ከቢሮ ያልወጣበት ምክንያት አንድ ነው፦ ወረቀት ላይ ልዩነቱ አይታይም።

ልዩነቱ የሚታየው ሰነዱ ሲንቀሳቀስ ነው። በድሮው ፎንት በተጻፈ ሰነድ ውስጥ ጽሑፉ አማርኛ መሆኑን የሚናገረው የፎንቱ ስም ብቻ ነው። አንድ ሰው ሙሉውን መርጦ ፎንት ሲለውጥ፣ ወይም ኮፒ አድርጎ ኢሜይል ውስጥ ሲለጥፈው፣ ያ ስም ይጠፋል፤ ከስሙም ጋር አማርኛው። በመካከሉ እንግሊዝኛ ካለበት ደግሞ የትኛው ላቲን እውነተኛ እንግሊዝኛ፣ የትኛው የአማርኛ ፍርስራሽ እንደሆነ ለመለየት የሚያስችል ምልክት አይቀርም። ወደ ዩኒኮድ የሚለውጡ ፕሮግራሞች አሉ፤ እነሱም ቢሆኑ ሰነዱ በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ ካላወቁ አይረዱም። ማጣሪያው ቀላል ነው። አንድ አንቀጽ መርጦ ፎንቱን ወደ ኒያላ ወይም ወደ አቢሲኒካ መለወጥ ነው። ፊደሉ ፊደል ሆኖ ከቀረ ዩኒኮድ ነው። ዝባዝንኬ ከሆነ ለውጡን ቀልብሶ፣ የድሮው ፎንት ያለበት ኮምፒውተር ሳይጠፋ ፋይሉን ወደ ዩኒኮድ ማዞር ያስፈልጋል።

በዩኒኮድ የሚጽፉትም ቢሆኑ ከልማዱ ነፃ አይደሉም። አራት ነጥብ የራሱ ቁጥር እያለው ስንቱ ሰነድ ነው ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ መትቶ የሚያልፈው! ለዓይን አንድ ናቸው። ለኮምፒውተሩ ግን የመጀመሪያው የዓረፍተ ነገር ማብቂያ ነው፤ ሁለተኛው ተከታትለው የመጡ ሁለት የቃል መለያዎች ናቸው። እንዲህ የተጻፈ አንድ መቶ ገጽ ሕግ ውስጥ ለማሽኑ አንድም ያለቀ ዓረፍተ ነገር የለም።

ስለ ወርድ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ሁላችንም የኖርንበት ነው። ርዕስ ማለት በቦልድ፣ በ14 መጠን የተጻፈ ፊደል ነው ተብለን ተማርን። መሃል ለማስያዝ ስፔስ እንደረድራለን፤ ወደ ሌላ ገጽ ለመሻገር ኢንተር ደጋግመን እንመታለን፤ ማውጫውን በነጠብጣብ ሞልተን የገጽ ቁጥሩን በእጃችን እንጽፋለን። ኃላፊው «ገጽ 7 ላይ አንድ አንቀጽ ይጨመር» ያለ ዕለት ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ይፈርሳል። ርዕሶቹ ሄዲንግ በሚባለው ስታይል ቢሰየሙ ኖሮ ማውጫውን ወርድ ራሱ ባወጣው፣ ቁጥሩንም ራሱ ባስተካከለው ነበር።

ኤክሴል ላይ ግን ነገሩ ከመልክ ያልፋል፤ ገንዘብና ማንነት ይነካል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሂሳብ ቁጥር 13 አሃዝ ነው። ተራ ሴል ውስጥ ሲገባ ኤክሴል «1ኢ+12» ወደሚመስል ቅርጽ ያሳጥረዋል። ሙሉው ቁጥር ከሥሩ አለ፤ ፋይሉ በዚያው መልኩ ሲኤስቪ (CSV) በሚባለው ተራ የጽሑፍ ፋይል ዓይነት ሲቀመጥ ግን የሚጻፈው የታየው ነው፤ የተቀሩት አሃዞች ይጠፋሉ። የፋይዳ መታወቂያው ባለ 16 አሃዝ ቁጥር ደግሞ የባሰ አደጋ አለበት። ኤክሴል እንደ ቁጥር የሚይዘው እስከ 15 አሃዝ ብቻ ስለሆነ የመጨረሻዋን አሃዝ ያለምንም ማስጠንቀቂያ ዜሮ ያደርጋታል። ሰው ሳያውቀው የሌላ ሰው ቁጥር፣ ወይም የማንም ያልሆነ ቁጥር ተመዘገበለት ማለት ነው። በስልክ ቁጥር መጀመሪያ ያለችው ዜሮም በዚሁ መንገድ ትጠፋለች። መድኃኒቱ ቁጥሩ ከመግባቱ በፊት ዓምዱን ቴክስት ማድረግ ነው። ከገባ በኋላ ማድረግ የጠፋውን አሃዝ አይመልስም።

ቀኑም እንዲሁ ነው። ኤክሴል የእኛን የዘመን አቆጣጠር አያውቅም፤ የብዙ ቢሮ ኮምፒውተሮች ደግሞ በአሜሪካ አቀማመጥ ወርን ከቀን እንዳስቀደሙ ናቸው። ጥቅምት 5 ቀን 2016ን «5/2/2016» ብሎ የሚያስገባ ሠራተኛ ኤክሴል ሜይ 2 ብሎ እንደያዘበት አያይም። ጥቅምት 25ን «25/2/2016» ሲል ሃያ አምስተኛ ወር ስለሌለ እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። ጳጉሜ 3 ማርች 13 ሆኖ ያርፋል። እንዲህ ያለው ዓምድ በቀን ቅደም ተከተል ሲደረደር የአንድ ወር መዝገብ ለሁለት ይከፈላል፤ ከፊሉ ከላይ፣ ከፊሉ ከታች። ሴሎቹን በጥንቃቄ ያየ ሰው ምልክቱን ያገኘዋል፦ እንደ ቀን የተያዘው ወደ ቀኝ፣ እንደ ጽሑፍ የቀረው ወደ ግራ ይጠጋል። በልማዳችን ግን ሁሉንም መሃል አስይዘን ምልክቱን እናጠፋዋለን፤ ስለሚያምር። ዓመት፣ ወርና ቀን በሦስት ዓምድ ተለያይተው ቢጻፉ ይህ ሁሉ ባልመጣ።

የስም ዝርዝርን ሲኤስቪ አድርጎ መላክም አለ። በተራው የሲኤስቪ ምርጫ የተቀመጠ አማርኛ እያንዳንዱ ፊደል የጥያቄ ምልክት ይሆናል፤ ዋናው ፋይል ከሌለ ተመልሶ አይገኝም። በአዳዲሶቹ ኤክሴሎች «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» የሚለው ምርጫ እዚያው ዝርዝር ውስጥ አለ። ከዚህ በላይ የሚያስፈልግ ነገር የለም።

«ሶፍትዌሩ ለእኛ አልተሠራም» የሚለው መከራከሪያ ግማሽ እውነት አለው። አምራቾቹ የእኛን ቀን ሊያውቁት ይገባል፤ ይህን መጠየቅ መብታችን ነው። ነገር ግን ለእነሱ ተሠራ የምንላቸውም አልተረፉም። ኤክሴል የጂን ስሞችን ቀን እያደረገ ቢያስቸግር፣ የሰውን ጂኖች ስም የሚወስነው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ በ2020 እ.ኤ.አ. የአንዳንዶቹን ስያሜ ለወጠ። በዚያው ዓመት እንግሊዝ ውስጥ ወደ 16 ሺህ የሚጠጉ የኮቪድ ታማሚዎች በወቅቱ ሳይመዘገቡ ቀሩ፤ ምክንያቱ ከ65,536 ረድፍ በላይ የማይይዘው የድሮ የኤክሴል ፋይል ዓይነት ነበር። ያ የድሮ ፋይል እዚያም ያልተነካው «ይከፈታል፣ ይሠራል» ተብሎ ሳይሆን አይቀርም። የጂኑ ኮሚቴ ያደረገውን ግን ልብ እንበል፦ ችግሩን በየተመራማሪው ላይ አልጣለም፤ ለሁሉም የሚሆን ደንብ አወጣ። እኛ ጋ የጎደለው ይህ ነው። መሥሪያ ቤቱ የትኛው ፎንት፣ የትኛው የቀን አጻጻፍ፣ የትኛው የፋይል ዓይነት እንደሚሠራበት አይወስንም፤ ጸሐፊዋ እንደመሰላት ትሠራለች፤ ሲበላሽ ተጠያቂዋ እሷ ናት።

ሥልጠናውም አልረዳትም። ቤዚክ ኮምፒውተር የሚባለው ትምህርት ቦልድ ማድረግንና ፊደል ማስተለቅን ያስተምራል፤ ስታይል፣ ዩኒኮድ፣ የሴል ዓይነት የሚባሉት ከተነሱም ለወጉ ነው። ምስክር ወረቀቱን ይዛ የወጣች ልጅ አሳምራ መጻፍ ትችላለች፤ የጻፈችው ለምን እንደሚበላሽ ግን ማንም አልነገራትም። ይህ በእሷ ላይ የተሠራ በደል ነው።

የልማዱ መጨረሻ ስካን ነው። ሰነዱ ተጽፎ፣ ታትሞ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተም ተደርጎበት እንደገና ፎቶ ይነሳና ፒዲኤፍ ተብሎ ይሰራጫል። በየእጃችን የሚዞሩት ብዙዎቹ የነጋሪት ጋዜጣ ቅጂዎችም እንዲህ ያሉ ናቸው። ፎቶ ውስጥ ቃል መፈለግ አይቻልም። ጠበቃው አንድ አንቀጽ ለማግኘት ገጽ በገጽ ይገልጣል፤ ተመራማሪው የሚጠቅሰውን እንደገና ይተይባል። ዓይነ ስውር ዜጋ ደግሞ ኮምፒውተሩ ጽሑፍ የሚያነብለት ፕሮግራም ቢኖረውም ስካኑ ላይ ሲደርስ ፕሮግራሙ ዝም ይላል፤ የሚገዛበትን ሕግ ሰው ካላነበበለት አያውቀውም። ፊርማና ማኅተም ያለበት ስካን ለማስረጃነት ይቀመጥ፤ ማንም አይቃወምም። ጽሑፉ ግን በዩኒኮድ፣ እንደ ጽሑፍ፣ ከጎኑ ይውጣ። አዲስ ሥራ አይጠይቅም፤ ወረቀቱ የታተመበት ፋይል ያው አንድ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጧል።