ልጁ ረባሽ ነው ወይስ ሰልችቶታል?

አንዲት የ23 ዓመት የአዲስ አበባ ወጣት ደብዳቤ ጽፋልናለች። እናቷ ለሥራ ቤይሩት ከሄደች 4 ዓመት ሆኗታል። 3ኛ ክፍል የሚማረውን ታናሽ ወንድሟን የምታሳድገው እሷ ናት። ልጁ ገና 4 ዓመት ሳይሞላው የሱቅና የታክሲ ታፔላ ያነብ ነበር። ዛሬ የ5ኛ ክፍል ሒሳብ መጽሐፍ ተውሶ ለብቻው ይሠራል። ትምህርት ቤት ግን ስሙ «ረባሽ» ነው። መምህሯ ጥያቄውን ጽፈው ሳይጨርሱ መልሱን ይለፈልፋል፣ ከዚያ አጠገቡ ያለውን ልጅ ይነካካል። በአንድ ወር ብቻ 3 ጊዜ «ወላጅ አምጣ» ተብሏል።

«ያስፈራኝ ቅጣቱ አይደለም» ትላለች። «አሁን አሁን መልሱን እያወቀው ዝም ይላል። ለምን ስለው ‹ከመለስኩ ይቆጡኛል› አለኝ። እኔ ስሄድ ደግሞ ልጅ ነሽ ብለው አይሰሙኝም። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ መፍራትሽ ልክ ነው። ልጅ ሲረብሽ ቢያንስ ይታያል። እያወቀ ዝም ሲል ግን «ጨዋ ሆነ» ተብሎ ይታለፋል፣ እውቀቱም እዚያው ተዳፍኖ ይቀራል። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይባል የለ? የሚያውቀውን ሲደጋግሙለት የሚውል ልጅም ያው ነው። መምህሯ ግን ጠላቱ አይደሉም። ክፍሉ ውስጥ 60 ልጅ አለ ብለሻል። ከነዚያ መሃል ገና ማንበብ ያልቻለ አለ፤ ሐሳባቸው እሱ ላይ ቢሆን አይፈረድባቸውም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ።

አንደኛ፣ ሲጠሩሽ ብቻ አትሂጂ። «ወላጅ አምጣ» በተባለ ቀን የሚሄድ ሰው እንደ ተከሳሽ ነው የሚገባው። ራስሽ ቀጠሮ ያዢ። ከመምህሯ ጀምሪ፣ ካልሆነ ወደ ዩኒት ሊደሩ፣ ከዚያ ወደ ርእሰ መምህሩ። መምህሯን ዘለሽ ቢሮ ብትከሻቸው ቅሬታው ለልጁ ይተርፋል። አሳዳጊው አንቺ መሆንሽም በልጁ ፋይል ላይ ይጻፍልሽ። «ልጅ ነሽ» ካሉሽ አጎት ወይም የሚከበር ጎረቤት ይዘሽ ግቢ፣ ንግግሩን ግን አንቺው ተናገሪ።

ሁለተኛ፣ «ወንድሜ ጎበዝ ነው» አትበይ። ሁሉም ወላጅ እንደዚያ ነው የሚለው። ቤት የሠራበትን ደብተር ይዘሽ ሂጂና «እዚሁ ይፈትኑት» በያቸው።

ሦስተኛ፣ ትንሽና የሚቻል ነገር ጠይቂ። ክላስወርኩን ቀድሞ ሲጨርስ ከበድ ያለ ጥያቄ ይሰጠው፣ ወይም መጽሐፍ ያንብብ። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ብቻ 4ኛ ክፍል ቢገባስ? «ሌሎቹን ያስጠና» ካሉሽ አልፎ አልፎ ጥሩ ነው። ዓመቱን ሙሉ የመምህር ረዳት ሆኖ ከዋለ ግን እሱ ራሱ መቼ ይማራል?

«ደብል ይምታ» የሚሉም አይጠፉም። በአሜሪካ በ2004 እ.ኤ.አ. ከአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ሪፖርት ክፍል የዘለሉ ጎበዝ ልጆች በአብዛኛው በትምህርታቸውም በጓደኝነታቸውም እንደማይጎዱ ጽፏል። ነገር ግን ሒሳቡ ብቻ በቅቶ አማርኛውና እንግሊዝኛው ካልበቃ ቆዩ። ልጁም ይጠየቅ፣ ከጓደኞቹ የሚለየው እሱ ነው። ከተስማማችሁ ውሳኔው በጽሑፍ ይሁን፤ ኋላ 6ኛ ክፍል ፈተና ላይ መዝገቡ እንዳያስቸግረው።

ትምህርት ቤቱ እስኪስማማ ግን ልጁን አታስጠብቂው። በ2014 ዓ.ም. 4 ኪሎ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል አለው። የእረፍት ቀንሽን ለዚያ ስጪው። ለእናታችሁም ደውለሽ ስለ ክሱ ብቻ ሳይሆን ስለ ሒሳቡም ንገሪያት። ለፍታ የምትልከው ገንዘብ ምን እያፈራ እንደሆነ ትስማ።

ዛሬውኑ ማድረግ የምትችይው ደግሞ አለ። ወንድምሽን አጠገብሽ አስቀምጪና «ማወቅህ ጥፋት አይደለም፣ ተራህን ጠብቀህ እጅህን አውጣ» በይው። ይህንን ከትምህርት ቤቱ በፊት ካንቺ መስማት አለበት።

ሳምንት ያገናኘን።