አፉን ላልፈታ ሕፃን ቀጠሮ መስጠት

በሀገራችን ሕፃን ሲወለድ እልል ብሎ የሚቀበለው፣ ወንዱን በ40 ሴቲቱን በ80 ቀን ክርስትና የሚያስነሣው፣ ሊቆም ሲንገዳገድም «ወፌ ቆመች» እያለ የሚያጨበጭብለት ዘመድና ጎረቤት ብዙ ሆኖ ሳለ፣ ያው ሕፃን 2 ዓመት ሞልቶት አፉን ሳይፈታ የቀረ እንደ ሆነ ግን ሁሉም በአንድ ቃል «ተዉት፣ አባቱም የተናገረው ዘግይቶ ነው» ብሎ ነገሩን ለጊዜ ይተወዋል።

ይህ ምክር ፈጽሞ ሐሰት ቢሆን ኖሮ መንቀፉ በቀለለ፤ ዘግይተው ከሚናገሩት ብዙዎቹ በኋላ እኩዮቻቸውን ይደርሳሉና። ነገር ግን የትኛው እንደሚደርስ፣ የትኛው ደግሞ ወደ ኋላ እንደሚቀር አስቀድሞ መለየት ለእናት ቀርቶ ለሐኪምም አዳጋች ስለ ሆነ፣ ከመጠበቅ ይልቅ ማገዝ ይበልጣል። ልጃቸውን ጠበል የሚያስጠምቁትንም አንነቅፍም፤ ጸሎቱና እገዛው አይጣሉምና።

እገዛ ምን ያህል እንደሚያፈራ አንድ ምሳሌ እንይ። በጃማይካ ዋና ከተማ በኪንግስተን፣ በ1986 እና በ1987 እ.ኤ.አ. በተጀመረ ጥናት፣ ድህነት ካቀጨጫቸው 129 ሕፃናት ለከፊሎቹ ወተት በየሳምንቱ ሲታደል፣ ለከፊሎቹ ደግሞ የሠፈር ጤና ሠራተኛ ለ2 ዓመት በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ያህል ቤታቸው ድረስ እየሄደች፣ ከወዳደቀ ዕቃ በተሠራ መጫወቻ እናቲቱን ከልጇ ጋር መጫወትን ታለማምዳት ነበር። ከ20 ዓመት በኋላ ሲታይ፣ ጨዋታውን ያገኙት ካላገኙት ይልቅ ገቢያቸው በ25 በመቶ ልቆ ተገኘ፤ የወተቱ ፍሬ ግን አልዘለቀም።

እኛም ለዚህ የምትሆን ሠራተኛ አላጣንም። የልጆች አእምሮ ሐኪም ከአዲስ አበባ ውጭ ብርቅ ቢሆንም፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በየገጠር ቀበሌው ደጃፉን ሁሉ ታውቀዋለች። አስቀድማ የሕፃኑን ጆሮ ትመልከት፤ ጆሮው እየመገለ የቆየ ልጅ ያልሰማውን ቃል ከወዴት አምጥቶ ይናገር? የቀረው ጥበብ ረቂቅ አይደለም። ጥቂት ቆርኪ በሲባጎ ሰክታ ታንቃጭልለታለች፤ የቡናውን ስኒ በሰፌድ ሥር ደብቃ «የታለ?» ትለዋለች፤ እርሱም በጣቱ ሲጠቁም እናቲቱ «ስኒ! ስኒው ይኸውና!» ብላ ስሙን ትነግረዋለች፤ ስኒውም ተመልሶ ይደበቃል። ሠራተኛዋ ከሄደች በኋላ እናት እንጀራ እየጋገረችም ልትቀጥለው የምትችል ሥራ ነው።

ስለዚህ የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች ይህችን የጨዋታ ሰዓት ከክትባቱና ከሚዛኑ ጎን በሠራተኛዋ ዕቅድ እንዲያሰፍሩላት፣ በላይዋ ላይ ከተከመረው ሪፖርትም ጥቂቱን እንዲያነሡላት እንማፀናለን። ወላጅም ልጁ በ18 ወሩ ያልተራመደ፣ ወይም በ2 ዓመቱ ሁለት ቃል ያላጋጠመ እንደ ሆነ፣ የጎረቤትን ማጽናኛ በምስጋና ተቀብሎ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ኬላው ይዞት ይሂድ።