ጀርመን ውስጥ ስም መቀየር ለማን ይቀላል?

ጀርመን ውስጥ «ስሜ አስጠላኝ» ስላልክ ብቻ ስምህ አይቀየርም። ሕጉ «በቂ ምክንያት» አምጣ ይላል፤ ለመጠሪያ ስም ክፍያውም እስከ 255 ዩሮ ይደርሳል። ሕጉ የወጣው በናዚ ዘመን፣ በጥር 1938 (በፈረንጆቹ) ነው። በዚያው ዓመት እሱን ተከትሎ በወጣ ደንብ፣ ስማቸው አይሁዳዊ የማይመስል አይሁዶች ወንዱ «እስራኤል»፣ ሴቷ «ሳራ» የሚል እንዲጨምሩ ተገደዱ። ደንቡ ከጦርነቱ በኋላ ተሻረ፤ ሕጉ ግን እየተሻሻለ ዛሬም ይሠራል።

ከሩሲያና ከካዛክስታን ለሚመለሱት የጀርመን ዝርያዎች ነገሩ ሌላ ነው። ኢቫን ዮሃን ልባል ቢል ምክንያት አይጠየቅም፣ የአባቱንም ስም መጣል ይችላል። ዜግነት ያገኘ ሐበሻም ተመሳሳይ ዕድል አለው፦ ጴጥሮስ ፔተር ይሆናል፤ ጀርመንኛ አቻ የሌለው ስም ያለው ደግሞ አዲስ ይመርጣል።

እኛን የከነከነን መመለሻው ነው። ፔተር ነገ «ጴጥሮስ ልሁን» ቢል እንደማንኛውም ጀርመናዊ «በቂ ምክንያት» ይዞ መሰለፍ አለበት። ወደ ጀርመን ስም መግባት በፊርማ፣ መውጣት በክርክር! ለመፈረም ያሰባችሁ ካላችሁ ይህንንም አስቡ፦ አገር ቤት ያለው የልደት ሰርተፍኬትና የትምህርት ማስረጃ አሁንም የሚለው ጴጥሮስ ነው።