ስለ ጅማሬ ስም

በየጽሕፈት ቤቱና በየስብሰባው ሥራ ሲዠመር ስሙን የሚቀበለው በእንግሊዝኛ ሆኗል። ያልጸናው ጽሕፈት ድራፍት፣ የሙከራው ሥራ ፓይለት፣ የመነሻው ጥናት ቤዝላይን፣ ያዋጭነቱ ጥናት ፊዚቢሊቲ ስተዲ ይባላል። ሥራው ሲፈጸም ግን ምረቃ ነው፤ ለምረቃ አማርኛ አላጣንለትም። መጨረሻውን ባገራችን ቋንቋ እያከበርን መጀመሪያውን በባዕድ ቃል የምንሸፍነው ስለ ምንድር ነው? እንሸፍናለን ማለቴም ያየሁት ነገር ስላለ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ ንጹሕ ውሃ በተጠራ ያንድ ሰፈር ስብሰባ ተገኝቼ ነበር። ከመሥሪያ ቤት የተላከው ወጣት ተነሥቶ «ፕሪሊሚናሪ ስተዲው አልቋል፤ አሁን ወደ ፓይለት ፌዝ ልንገባ ነው» ቢል፣ ሕዝቡ «አልቋል» የምትለዋን ቃል ብቻ ለይቶ ሰምቶ አጨበጨበ። (ፌዝ ባማርኛ ምን ማለት እንደ ሆነ ለአንባቢ አላስረዳም።) ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ግን በትራቸውን ተመርኵዘው ተነሡና «ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ፤ ለመሆኑ ነገሩ ተጠንስሷል ወይስ ተደፍድፏል?» ብለው ጠየቁት። ወጣቱ ጥቂት ዝም ብሎ «አባቴ፣ እሱማ ገና ነው፤ ጌሾውም አልተገዛ» አለ። ገንዘቡ እንዳልተፈቀደ ያን ጊዜ ሁሉም አወቀ። ወጣቱ አስቀድሞም አልዋሸም፤ ነገር ግን እውነቱ የተሰማው ባማርኛ በተጠየቀ ጊዜ ነው።

ፕሪሊሚናሪ የተባለው ቃል ራሱ ከላቲን የወጣ ሲሆን ትርጓሜው «ከደፍ በፊት ያለ» ማለት ነው። እንግዲህ ፕሪሊሚናሪ ስተዲ በቀጥታ ቢተረጐም ደጅ ጥናት ሊባል ነው! ያ ሰፈር ምን ሲያደርግ እንደ ከረመ ከዚህ የበለጠ የሚገልጽ ስም አላገኘሁለትም። ድራፍትም ቢሉ በከተማችን በብርጭቆ የሚቀዳው ቢራ ስለ ሆነ፣ «ድራፍቱን ጨርሰናል» የሚል ጸሐፊ ከወዴት እንደ መጣ ያጠራጥራል።

አንዳንድ የተማሩ ወንድሞቻችን አማርኛ የጅማሬን ደረጃ ለይቶ ለመናገር አይበቃም ይላሉ። ይህን የሚሉ ከእናታቸው ጓዳ ገብተው አያውቁም ይሆን? ጌሾው ተዘፍዝፎ ሲቀመጥ ጥንስስ ነው፤ አሻሮው ገብቶበት ሲወፍር ድፍድፍ ነው፤ ውሃ ተሞልቶበት ሲጠራ ጠላ ይሆናል። ጥንስሱን ቀድታ ጠላ ነው ብላ ለእንግዳ የምታቀርብ ጠማቂ የለችም። ገበሬውም መሬቱን ይገምሳል፣ ይደግማል፣ ይሠልሳል፤ የገመሰውን ሠለስሁ ቢል ጎረቤቱ ይስቅበታል። የቅኔ ተማሪ ደግሞ ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና ሳይቈጥር ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ አይሻገርም። ውጥን፣ ንድፍ፣ ረቂቅ፣ መነሻ፣ ሙከራ፣ መቅድም፣ ዋዜማ የተባሉትም እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ስፍራ አላቸው።

የባዕድ ቃል ሁሉ ይጣል አላልሁም። ባንክና ፖስታ ከነዕቃቸው የመጡ ናቸውና ስማቸውን ይዘው ይቀመጡ። መጀመር ግን ከባሕር ማዶ አልመጣልንም። እኛም ብንሆን ከነቀፌታ አናመልጥም፤ ዝግጅት ብቻውን ቀዳሚ ሳለ «ቅድመ ዝግጅት» እያልን በከንቱ እንደራርባለን።

መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የዠመሩትን የግእዝ መዝገበ ቃላት ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አስፍተው ጻፉት፤ እርሳቸውም ሳይታተም ቢያርፉ አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት። በሦስት ሰዎች እጅ ያለፈ ሥራ የትኛው ጅምር፣ የትኛው ፍጻሜ እንደ ሆነ ባይነገር ኖሮ ተቀባዩ ከወዴት ይቀጥል ነበር?

አማርኛ የፌዴራል መንግሥት የሥራ ቋንቋ እንዲሆን በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ተደንግጓል። እንግዲህ ቃለ ጉባኤ የምትጽፉ ጸሐፊዎች፣ የሰበካ ጉባኤም ሆናችሁ የመሥሪያ ቤት፣ ሰብሳቢው «ፓይለት ፌዝ» ባለ ጊዜ ብዕራችሁን አቁማችሁ፣ ገንዘቡ ተፈቅዶ እንደ ሆነና ቁፋሮው ተዠምሮ እንደ ሆነ ጠይቁት፤ የመለሰላችሁንም ባማርኛ ጻፉት።