ጎመኑን ማን ይጠብቀው?

የጓሮ ጎመን በትል ሲበሳሳ ብዙዎቻችን አስቀድመን የምናስበው የመርዝ ጠርሙስ ነው። ይህ ልማድ ሊታረም ይገባዋል። መርዝ ወዳጅን ከጠላት አይለይምና፣ ቅጠል በላውን ትል ሲገድል ትሉን አድነው የሚበሉትንም ነፍሳት አብሮ ይፈጃል። ተባዩ ተመልሶ ሲመጣ የሚገታው አያገኝም። የተረፈውም መርዝ ከጎመኑ ጋር ወደ ልጆቻችን ማዕድ ይቀርባል።

ከዚህም በላይ ተባይ መርዝን ይለምዳል። ጥቅል ጎመን የሚያጠፋው የትንሿ እሳት ራት እጭ ዲ.ዲ.ቲ.ን መቋቋሙ በጃቫ ደሴት የታወቀው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1953 ነበር። ከዚያ ወዲህ የወጡ ብዙ መርዞችንም ተቋቁሟል።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? ጎረቤታችን ኬንያ ጥሩ ትምህርት ትሰጠናለች። በናይሮቢ ሰሜናዊ ክፍል፣ ከካሩራ ደን አጠገብ የሚገኘው የሩንዳ ሰፈር በአትክልት በተከበቡ ግቢዎቹ ይታወቃል። በዚያው በከተማው ሰሜን፣ በካሳራኒ፣ ኢሲፔ የተባለው ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል ይገኛል። ማዕከሉን በ1970 ያቋቋሙት ኬንያዊው ሊቅ ቶማስ ኦዲያምቦ ሲሆኑ፣ የፍኖተ ሰላም ተወላጅ ዶክተር ሰገነት ቀለሙም ከ2013 ጀምሮ አሥር ዓመት ያህል መርተውታል። ማዕከሉ ከታይዋን ያስመጣትን ትንሽ ተርብ በ2002 በኬንያ የጎመን ማሳዎች ላይ ለቀቀ። ተርቧ እንቁላሏን በትሉ ገላ ውስጥ ትጥላለች፤ የሚፈለፈለውም እጭ ትሉን ከውስጥ እየበላ ያድጋል። ደመወዝ የማይጠይቅ ዘብ ይሏል ይህ ነው።

እንዲህ ያለውን ዘብ በየጓሮአችን ማቆየት እንችላለን። ድንብላልና እንስላል ጥቂቱን እንዲያብብ ብንተወው ተርቦች ከአበባው ይመገባሉ። ባለነጥቧ ቀይ ጥንዚዛ ክሽክሽ በላተኛ ናትና አትገደል። ክሽክሽ ሲበዛ ቅጠሉን ገልብጦ በውሃ ግፊት ማጠብ፣ ወይም ጥቂት ሳሙና የተበጠበጠበት ውሃ መርጨት ይረዳል። ቆራጭ ትል በማለዳ የችግኙን ሥር ጫር ጫር አድርጎ በእጅ ይለቀማል። ጎመንንም በአንድ መደብ ላይ በተከታታይ አለመትከል ይበጃል።

ይህ ዘዴ ትዕግሥትና የዕለት ተዕለት ክትትል እንደሚጠይቅ አይካድም። ሆኖም ወታደር ያላጣራውን ዒላማ አይተኩስም። በጦር ሰፈርም ሆነ በከተማ ጓሮ ያለው ሁሉ፣ መርዙን ከማንሳቱ በፊት ቅጠሉን ገልብጦ ጠላቱን ከወዳጁ ይለይ።