ጎመን ማዘዝ ነውር ነው እንዴ?

ባለፈው ምሳ ላይ ጎመን ሳዝዝ ጓደኛዬ «ምነው፣ ብር አለቀ እንዴ?» አለኝ። አፋችን «ጎመን በጤና» ይላል፣ ጎመኑን ግን የድሃ ምግብ አድርገነዋል። እሱ ያዘዘው ቆስጣ ነበር፤ ዘመናዊ መሆኑ ነው!

ቆስጣ ካልሲየም አለው፤ ነገር ግን ኦክሳሌት የሚባለው ንጥረ ነገር ጠፍሮ ስለሚይዘው ሰውነታችን ብዙም አይጠቀምበትም። ጎመን ግን ኦክሳሌቱ ትንሽ ስለሆነ ካልሲየሙን በደንብ እናገኘዋለን። ዓቢይ ጾምን 55 ቀን ወተት ሳይቀምስ ለሚያሳልፍ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

እኔን የሚያናድደኝ አቀቃቀሉ ነው። እስኪጠቁር ቀቅለን ውሃውን እንደፋለን፤ ቫይታሚን ሲውም አብሮ ይፈሳል። ዘይት እሺ፣ ትንሽ ጠብ ይበልበት፤ ቫይታሚን ኬ ቅባት ይፈልጋል። ግን በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ፣ አረንጓዴነቱ ሳይጠፋ ከእሳት ቢወርድ ማን ይሞታል?